ልጆቹ ለምን ቀሩ?

በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ተነሣ። በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ አስታወቀ። ምክንያቱ ጦርነቱ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን መልሱ ይህ ብቻ አይደለም።

በደቡብ ወሎ ቦረና፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ባሉ ቀበሌዎች የሚያጠና ሰው መዝገብ ቢያይ «ቀሪ» የሚል ቃል ያገኛል። መዝገብ ምክንያት አይናገርም። ስለዚህ ቤት ለቤት ይጠይቅ።

«እናቴ፣ መንገዱ ባያስፈራ ኖሮ ልጅዎን ይልኩ ነበር ወይ?»

«አዎ» ካሉ ችግሩ መንገዱ ነው። «ደብተር መግዣ የለኝም» ካሉ ግን ሌላ ነው። አንዱ ቤት ልጁ ከብት ይጠብቃል። ሌላው ዘንድ አስተማሪው ሄዷል። ልጅቱን ለብቻዋ መጠየቅ ይሻላል፤ ሊድሯት አስበው ከሆነ አባቷ ፊት አትናገርም።

ስም ባይጻፍ ጥሩ ነው። በጦርነት ጊዜ ወረቀት ይዞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈራል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጠያቂ ይረሳል። በ2015 ዓ.ም. 4ኛ ክፍል የነበረ ልጅ በ2017 ዓ.ም. 6ኛ ክፍል መድረስ ነበረበት። ትምህርት ቤቱ ቢከፈትም፣ 5ኛ ክፍል ከታናናሾቹ ጋር ለመቀመጥ ያፍራል። እሱንም «ምን ብናደርግ ትመለሳለህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።