ልጆች ይዞ ወደ ረጋ ያለ የባሕር ጠረፍ ከተማ ለመዛወር ምን ይታያል?

በቴል አቪቭና በአካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ ወጣት ባልና ሚስት፣ ልጅ ሲወለድ አንድ ሐሳብ ይመጣባቸዋል። ኪራዩ ከብዷል፣ መንገዱ ተጨናንቋል፣ ቀኑ በሩጫ ያልቃል፤ ታዲያ ባሕር አጠገብ ወዳለች ረጋ ያለች ከተማ ብንሄድስ? ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አማራጭም አለ። በሰሜን ከናሃሪያ ተነሥቶ በሐዴራና በኔታንያ በኩል ወደ ደቡብ እስከ አሽኬሎን ድረስ የጠረፉ ከተሞች በባቡር የተያያዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ ለዕረፍት የሄደ ሰውና እዚያው የሚኖር ሰው ከተማዋን እኩል አያዩዋትም። እንግዳው ባሕሩን ያያል። ነዋሪው ግን በየቀኑ የሚያገኘው ከቤቱ እስከ ሥራው፣ እስከ ልጆቹ መዋያና እስከ ዘመዶቹ ያለውን መንገድ ነው። እነዚህ ሦስት መንገዶች ካጠሩ ኑሮው ይረጋጋል፤ ከረዘሙ ግን ባሕሩ ደጃፍ ላይ ቢሆንም ሩጫው አይቀርም።

ሰዓቱን በወረቀት አስሉ

ከናሃሪያ ቴል አቪቭ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ደርሶ መልሱ ሦስት ሰዓት፣ በአምስት የሥራ ቀን 15 ሰዓት ይሆናል። ከሐዴራ ግን ጉዞው አንድ ሰዓት አይሞላም። በዚህ ላይ ከቤት እስከ ጣቢያና ከጣቢያ እስከ ሥራ ያለውን ጨምሩበት።

ቀጥሎ ይህን ከልጆቹ ሰዓት ጋር አስተያዩት። በእስራኤል ከ3 ዓመት ጀምሮ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት፣ ማለትም ጋን፣ በነፃ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ 14፡00 ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የከሰዓት ቆይታ፣ ጻሃሮን፣ ክፍያ አለው። ከ3 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ማዖን፣ ማለትም የሕፃናት መዋያ፣ መፈለግ ግድ ነው፤ እሱም በተለምዶ 16፡00 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሁለቱም ወላጆች ቴል አቪቭ የሚሠሩ ከሆነ በዚያ ሰዓት ልጁን ማን ይቀበላል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይገኝ የቤት ውል መፈረም አይገባም። ከሁለቱ አንዱ በከተማዋ ወይም በአቅራቢያዋ ሥራ ማግኘቱ፣ ወይም በሳምንት ጥቂት ቀን ከቤት መሥራቱ፣ ከሰፊ ሳሎን ይልቅ ይጠቅማል።

የዘመድ ቅርበት

ለቤተ እስራኤል ቤተሰብ ይህ ነጥብ ይበልጥ ይከብዳል። በኔታንያ፣ በሐዴራና በአሽኬሎን ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። አያት በቅርብ ካለች የታመመ ልጅ የሚያድርበት፣ አማርኛ የሚሰማበት ቤት አለ ማለት ነው። ለቅሶ መድረስ፣ ሠርግ መታደምና ሽማግሌ መጠየቅ ለእኛ ትርፍ ጊዜ ሲገኝ ብቻ የሚደረጉ ነገሮች አይደሉም። ባቡሩ ደግሞ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ አይሠራም፤ አብዛኛው አውቶቡስም እንዲሁ። ሰንበትን የሚያከብር ቤተሰብ በዚያ ቀን በእግሩ ደርሶ የሚጠይቀው ሰው ይኖረው እንደሆነ አስቀድሞ ያስብ። ዘመድ በሌለበት ከተማ መኖርም ይቻላል፤ ግን ጎረቤት ማፍራት ጊዜ እንደሚፈልግ አውቆ መግባት ይሻላል።

ቤቱና ጨዋማው አየር

የባሕር አየር ጨውና እርጥበት ይዞ ይመጣል። የመስኮት ብረት፣ የአየር ማቀዝቀዣው የውጭ ክፍልና ጣሪያ ላይ ያለው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ቶሎ ይዝጋሉ። በክረምት ደግሞ ፀሐይ የማያገኝ ግድግዳ ሻጋታ ያወጣል፤ ይህም አስም ላለበት ልጅ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ቤቱን ዝናብ ባለበት በጥር ወይም በየካቲት እዩት፤ ቁም ሣጥን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ የጣሪያውን ጥግ ተመልከቱ። ከኪራዩ ሌላ የማዘጋጃ ቤቱን ግብር፣ አርኖናን፣ እና የሕንፃውን የጋራ መዋጮ ጠይቁ፤ አርኖና ከከተማ ከተማ ይለያያል።

መጠለያና ሕክምና

ናሃሪያ ከሊባኖስ ድንበር፣ አሽኬሎን ከጋዛ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃሉ። ከጥቅምት 2023 በኋላ በነበረው ጦርነት ሁለቱም ሮኬት ወርዶባቸዋል። ስለዚህ ቤቱ ማማድ፣ ማለትም የተጠናከረ ክፍል፣ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩ ቤቶች በሕግ የታዘዘ ነው፤ በአሮጌ ሕንፃዎች ግን ብዙ ጊዜ የለም። ከሌለ፣ ሕፃን ታቅፋችሁ እስከ ጋራው መጠለያ በስንት ሰከንድ እንደምትደርሱ ራሳችሁ ሞክሩት። በሕክምና በኩል ናሃሪያም፣ ሐዴራም፣ አሽኬሎንም ትልቅ ሆስፒታል አላቸው። የእናንተ የጤና መድን ድርጅት፣ ኩፓት ሆሊም፣ በከተማዋ የሕፃናት ሐኪም እንዳለው፣ ቀጠሮው ምን ያህል እንደሚርቅም ጠይቁ።

ልጆችና ባሕሩ

ባሕር አጠገብ የሚያድግ ልጅ ዋና መማር አለበት፤ ወላጅም ቢሆን። ዋናተኛ ጠባቂ ባለበት ዳርቻ ነጭ ባንዲራ መዋኘት ይቻላል ማለት ነው፤ ቀይ አደጋ አለ፣ ጥቁር ክልክል ነው ማለት ነው። ጠባቂዎቹ የሚሠሩት በመዋኛው ወራትና በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ወደ ውስጥ የሚስብ ሞገድ የያዘው ሰው ከሞገዱ ጋር ሳይታገል፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጎን ይዋኝ፤ ከሞገዱ ሲወጣ ወደ ምድር ይመለሳል። በበጋ ሜዱዛ፣ ማለትም የሚያቃጥል የባሕር እንስሳ፣ የሚበዛባቸው ሳምንታት አሉ፤ ያን ጊዜ ውኃውን መተው ነው።

ከመግዛት በፊት መከራየት

ለአንድ ዓመት መከራየት ከሁሉ የተሻለ መፈተኛ ነው። ትምህርት በመስከረም 1 በአውሮፓ አቆጣጠር ይጀምራል፤ የጋን ምዝገባ ግን በዚያው ዓመት ጥር ላይ ስለሚካሄድ ቀደም ብሎ መወሰን ያስፈልጋል። በዓመቱ መጨረሻ ባልና ሚስት ተቀምጠው ይነጋገሩ፦ በሳምንት ስንት ማታ ሁላችንም አብረን ራት በላን? ልጆቹ ጓደኛ አፈሩ? አያቶቻቸውን ምን ያህል ጊዜ አዩ? መልሱ ከበፊቱ ኑሮ የተሻለ ከሆነ ማሽካንታ፣ ማለትም የቤት መግዣ ብድር፣ መጠየቅ ይቻላል። ካልተሻለ ደግሞ ያጡት የአንድ ዓመት ኪራይ ነው፤ የሃያ ዓመት ዕዳ ውስጥ ግን አልገቡም።