ጎታች ወይስ ገፊ? የቢኤምደብሊው ትንሿ መኪና ያስነሳችው ሙግት

የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ኖርበርት ራይትሆፈር በ2010 አንድ ቁጥር ተናገሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያቸው ባስጠናው መሠረት «1 ሲሪስ» የምትባለውን ትንሿን ቢኤምደብሊው ከሚነዱ ደንበኞች 80 በመቶ ያህሉ መኪናቸው በፊት ጎማ የምትሄድ ይመስላቸው ነበር። አልነበረችም። በመጠን ከሚወዳደሯት የአውሮፓ መኪኖች መካከል ኃይሏን ወደ ኋላ ጎማ የምትልክ እሷ ብቻ ነበረች፤ ኩባንያውም በ2004 ለገበያ ሲያቀርባት ዋና መመኪያው ያደረገው ይህንኑ ነው።

ራይትሆፈር ቁጥሩን የጠሩት ለጨዋታ አልነበረም። ቢኤምደብሊው በራሱ ስም በፊት ጎማ የሚሄዱ ትንንሽ መኪኖችን ሊሠራ መነሣቱን ለማስረዳት ነው። ገዢው ልዩነቱን ካላወቀው እኛስ ለምን እንለፋ? ነው ነገሩ። ከዚያች ቀን ወዲህ የቢኤምደብሊው አፍቃሪዎች ሙግት አልበረደም።

ሙግቱን ለመረዳት ከመኪናዋ ሆድ መጀመር ይሻላል። በኋላ ጎማ የምትገፋ መኪና ሞተሯ ብዙውን ጊዜ ከኮፈኑ ሥር በቁመቷ ልክ ተጋድሞ ይቀመጣል። ከሞተሩ ቀጥሎ ካምቢዮው፣ ከካምቢዮው ደግሞ ኃይሉን በወለሉ ሥር አሳልፎ በኋላ ጎማዎች መካከል ላለው ዲፈረንሻል የሚያደርስ ረጅም ዘንግ ይመጣል። የፊት ጎማዎች ይዞራሉ፤ መግፋቱ የኋላዎቹ ድርሻ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ የመኪናዋ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የሚገፉት ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ። ቢኤምደብሊው በዚህ ላይ ክብደቱን ለፊትና ለኋላ እኩል፣ 50 በ50 ለማካፈል ሲለፋ የኖረ ኩባንያ ነው።

በፊት ጎማ የምትጎተተዋ ግን ሁሉንም ነገር ከፊት ትሰበስበዋለች። ሞተሩ ወደ ጎን ይጋደማል፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ እዚያው ይያያዛሉ፤ ረጅሙ ዘንግ አያስፈልግም። ቦታ ይተርፋል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ለመሥራትም ይረክሳል። ዕዳው የሚወድቀው በፊት ጎማዎች ላይ ነው። ይጎትታሉ፣ ይዞራሉ፣ ፍሬን ሲያዝም ትልቁን ጫና ይሸከማሉ። ሞተሩ ጉልበተኛ ከሆነ መሪው እጅ ላይ ይታገላል፤ ኩርባ በፍጥነት ሲገባም የመኪናዋ አፍንጫ መታጠፉን ትቶ ወደ ውጭ ይሸሻል።

ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ባዕድ ወሬ አይደለም። ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና ለዘመናት ያገለገለችው ላዳ የኋላ ገፊ ናት፤ መንገዱን የሞላችው ቪትዝ ደግሞ የፊት ጎታች። የላዳ ሾፌር በዝናብ ኩርባ ላይ ነዳጅ ሲያበዛ ጅራቷ ወደ ጎን እንደምትሄድ ማንም አላስተማረውም፤ በወገቡ ነው ያወቀው። ከኋላ ወንበር መሐል የተቀመጠ ተሳፋሪም እግሩን የሚያሳጣው ያ የወለል ጉብታ ምን እንደሆነ ጠይቆ ከነበረ፣ መልሱ ያ ረጅም ዘንግ ነው።

ቢኤምደብሊው በ1928 በአይዘናኽ ከተማ ያለውን የመኪና ፋብሪካ ገዝቶ ዲክሲ የተባለችውን ትንሽ መኪና መሥራት ጀመረ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስከ 2014 ድረስ ሰማያዊና ነጭ አርማውን የለጠፈባት በፊት ጎማ ብቻ የምትሄድ መኪና ለገበያ አላቀረበም። በአራቱም ጎማ የሚሄዱ ነበሩት፤ በፊት ብቻ የምትጎተት ግን አንዲትም አልነበረችውም። ከ80 ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ሃይማኖት ሊመስል ምንም አይቀረውም። ደጋፊዎቹም እንደዚያው ያዙት።

ይህ ማለት ግን ኩባንያው በፊት ጎማ የሚሄድ መኪና ሠርቶ አያውቅም ማለት አይደለም። በ1994 የእንግሊዙን ሮቨር ገዛ፤ ኪሳራ አንገሸገሸውና በ2000 ሲሸጠው ሚኒ የተባለውን ስም ለራሱ አስቀረ። በ2001 ከኦክስፎርድ ፋብሪካ የወጣችው አዲሷ ሚኒ የፊት ጎታች ነበረች፤ ማንም ግን አላለቀሰም። የመጀመሪያዋ ሚኒ ራሷ እንዲያ ነበረቻ! አሌክ ኢሲጎኒስ በ1959 ሞተሩን ወደ ጎን አጋድሞ፣ ከ3 ሜትር ጥቂት በምትበልጥ አካል 4 ሰው ያስቀመጠበት ብልሃት ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች የቆሙበት መሠረት ነው። የአዲሷ ሚኒ መሪ ፈጣንና ሕያው ነው ተብሎ ተወደሰ። ያወደሷት ሰዎች ያንኑ አሠራር በሰማያዊና ነጭ አርማ ሥር ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ። ከዚህ በመነሣት ጠቡ ከጎማው ይልቅ ስሙ ላይ ነው ብንል አንሳሳትም።

በ2014 በጄኔቫ የመኪና ትርዒት «2 ሲሪስ አክቲቭ ቱረር» ብቅ አለች። ጣሪያዋ ከፍ ያለ፣ ልጆችና ዕቃ ለሚጭን ቤተሰብ የተሠራች፣ ባለ 3 ሲሊንደር ሞተርም የሚገጠምላት፣ በፊት ጎማ የምትጎተት የመጀመሪያዋ ቢኤምደብሊው። በሚቀጥለው ዓመት «ኤክስ 1» የምትባለዋ ሌላዋ ቢኤምደብሊው ከኋላ ወደ ፊት ጎማ ተቀየረች። በ2019 ደግሞ ተራው የ1 ሲሪስ ሆነ።

ምክንያቱ ገንዘብና ሕግ ነው። ሚኒን፣ ኤክስ 1ን፣ አክቲቭ ቱረርንና 1 ሲሪስን በአንድ የጋራ መሠረት ላይ መሥራት ለየብቻ ከማበጀት እጅግ ይረክሳል። በሌላ በኩል በ2009 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አዲስ መኪኖች በኪሎ ሜትር የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ በ2015 ወደ 130 ግራም፣ ቆይቶም ወደ 95 ግራም እንዲወርድ አዘዘ። ከባድና ጉልበተኛ መኪና እየሸጠ የሚኖር ኩባንያ አማካዩን ለማውረድ ቀላልና ቆጣቢ የሆኑትን በብዛት መሸጥ አለበት። ኩባንያውን ከአረንጓዴ ፍቅር ይልቅ የገፋው ይህ ሒሳብ ይመስላል።

ተፎካካሪዎቹማ ቀድመውታል። አውዲ በ1996 ያወጣት ኤ 3 ከቮልስዋገን ጎልፍ ጋር መሠረት የምትጋራ የፊት ጎታች ናት። መርሴዲስ በ1997 ኤ ክላስን አመጣ፤ በዚያው ዓመት አንድ የስዊድን መጽሔት መንገድ ላይ ድንገት ከገባ እንስሳ የማምለጥ ዓይነት ጥምዝምዝ ሲሞክርባት ተገለበጠች። መርሴዲስ አስተካክሎ፣ ኤሌክትሮኒክ የመረጋጊያ ሥርዓት በሁሉም ላይ ገጥሞ መሸጡን ቀጠለ። በ2013 ደግሞ ሲ ኤል ኤ የተባለችውን የፊት ጎታች አሜሪካ ውስጥ ከ29,900 ዶላር ጀምሮ አቀረባት። የመርሴዲስ ኮከብ በዚያ ዋጋ!

የለውጡ ደጋፊዎች መከራከሪያቸው ሜትር ነው። የ2019ኗ 1 ሲሪስ ከቀድሞዋ በ5 ሚሊ ሜትር አጥራ ሳለ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው የጉልበት ቦታ 33 ሚሊ ሜትር ጨመረች፤ የዕቃ መጫኛዋም በ20 ሊትር ሰፍቶ 380 ሊትር ደረሰ። የቀድሞዋ ኋላ ወንበር ላይ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ይህን ቁጥር አይንቀውም። ጎማው መንሸራተት ሲጀምር የሚቆጣጠረው ሥርዓትም በኤሌክትሪኳ አይ 3 ላይ የተፈተነ፣ ትእዛዙን ከቀድሞው በፈጠነ ጊዜ ለሞተሩ የሚያደርስ ነው። ለዚህ ወገን ሌላው ምስክር የጀርመኑ ኑርበርግሪንግ ነው። በዚያ 20 ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር በ2017 አንዱን ዙር በ7 ደቂቃ ከ43.80 ሰከንድ ጨረሰች። ሲቪኳ የፊት ጎታች ናት። ጥሩ መሐንዲስ ካለ የፊት ጎማ ፍጥነትን አይከለክልም ማለት ነው።

ተቃዋሚዎቹ ግን ፍጥነት አይደለም ጥያቄያችን ይላሉ። በዚህ ነጥብ እውነት አላቸው። ከለውጡ በፊት ኤም 140 አይ የምትባለው የ1 ሲሪስ ዓይነት 3 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተርና 340 የፈረስ ጉልበት ነበራት። በቦታዋ የመጣችው ኤም 135 አይ ባለ 2 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 306 የፈረስ ጉልበት ሆና በአራቱም ጎማ ትሄዳለች። 6 ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የተሰለፈበት ረጅም ሞተር በዚያች ትንሽ ኮፈን ሥር ወደ ጎን ተጋድሞ ስለማይገባ፣ የኋላ ገፊነት ሲቀር የቢኤምደብሊው መለያ የሆነው ሞተርም አብሮ ቀረ። እንዲህ ያለ ሞተር በትንሽ ባለ 5 በር መኪና ውስጥ በሌላ ፋብሪካ ዘንድ አይገኝም ነበር። የጠፋው እርሱ ነው፤ ሐዘኑም ተገቢ ነው።

ያ 80 በመቶ የተባለው ቁጥር ማስረጃነቱ ደግሞ ከሚነገርለት ያንሳል። ጠጅ የሚያጣጥም ሰው ጌሾው ምን ያህል እንደገባ ላያውቅ ይችላል፤ ሲጎድል ግን ይነግርሃል። ደንበኛው የዘንጉን መኖር አለማወቁ የመሪውን ልስላሴና ኩርባ ላይ ያለውን ሚዛን አልወደደውም ማለት አይደለም። ጥናቱ መጠየቅ የነበረበት «የትኛው ጎማ ይነዳል?» ብሎ ሳይሆን ሁለቱንም መኪኖች አስነድቶ «የትኛዋ ደስ አለችህ?» ብሎ ነበር።

አፍቃሪዎቹ ማስፈራሪያ አድርገው ከሚጠሯቸው ታሪኮች አንዱ የካዲላክ ሲማሮን ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሸቭሮሌ ካቫሊየር ጋር አንድ የሆነችን የፊት ጎታች መኪና ቆዳ ወንበርና የካዲላክ አርማ አልብሶ፣ ዋጋዋን ከፍ አድርጎ አቀረባት። ገዢው አልተታለለም፤ በ1988 ምርቷ ቆመ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ከፊት ጎማ ጋር ማያያዙ ግን አያስኬድም። ካዲላክ ኤልዶራዶን በ1967 የፊት ጎታች ሲያደርጋት ክብሯ አልቀነሰም ነበርና። ሲማሮንን የጣላት የርካሽ መኪና ሥጋ በውድ ስም መሸጡ ነው። የጣሊያኑ አልፋ ሮሜዮ ታሪክ ይሻላቸዋል። ፊያት በ1986 ከገዛው በኋላ መኪኖቹ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ጎማ ዞሩ፤ ወዳጆቹም ለዓመታት አጉረመረሙ። በ2015 የኋላ ገፊዋ ጁሊያ ስትገለጥ ኩባንያው ወደ ቀድሞ ጠባዩ መመለሱን ያበሠረው በዚያው ነው። ስም በኩርባ ላይ ጠባይ የተገነባ ሲሆን ጠባዩን መንካት ዋጋ ያስከፍላል።

ቢኤምደብሊውም ይህ የገባው ይመስላል። በ2020 መጨረሻ 128 ቲአይ የተባለችውን ባለ 265 የፈረስ ጉልበት የፊት ጎታች ሲያወጣ፣ የፊት ጎማዎቹ ኃይሉን እንዳያባክኑ የሚቆጣጠር ልዩ ዲፈረንሻል ገጠመላት። በ2021 ደግሞ 2 ሲሪስ ኩፔን ሞተሯን በቁመቷ አጋድሞ፣ የኋላ ገፊነቷንና ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሯን ሳይነካ አዲስ አድርጎ ሠራት። ለቤተሰቡ ጎታች፣ ለአፍቃሪው ገፊ! ብልህ ክፍፍል ነው፤ ግን ኩፔዋ ባለ 2 በር ናት፣ የምትፈልገውም ሌላ ኪስ ነው። ልጅ ይዞ ትንሽ የኋላ ገፊ ቢኤምደብሊው በአዲስነቷ መግዛት የሚሻ ሰው ዛሬ አያገኝም።

ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። የኤሌክትሪክ ሞተር ትንሽ ስለሆነ ረጅም ዘንግም የወለል ጉብታም ሳያስፈልገው ከኋላ ጎማዎች አጠገብ ይቀመጣል። ጎልፍን በ1974 የፊት ጎታች አድርጎ ዓለምን ያስከተለው ቮልስዋገን፣ በ2020 የጀመረውን አይዲ 3ን የኋላ ገፊ አደረጋት፤ ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና የበዛችው አይዲ 4ም በአንድ ሞተር ስትሆን የምትገፋው ከኋላ ነው። ቮልቮም በ2023 አንድ ሞተር ያላቸውን ኤሌክትሪክ መኪኖቹን ከፊት ወደ ኋላ አዞረ። የፊት ጎማ ሰዎች የነበሩት ወደ ኋላ ሲመጡ፣ ኢድራይቭ 20 የተባለችው ኤሌክትሪኳ የቢኤምደብሊው አይ ኤክስ 1 በፊት ጎማዋ ትጎትታለች።

ያገለገለች ቢኤምደብሊው ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ስለዚህ በስሟ አይመን። 1 ሲሪስ እስከ 2019 ለውጥ ድረስ የኋላ ገፊ ናት፤ ከዚያ ወዲህ የፊት ጎታች። ኤክስ 1ም በ2015 ላይ እንደዚሁ ተከፍላለች። «2» የሚለው ቁጥር ደግሞ ኩፔዋ ላይ የኋላ ገፊን፣ ግራን ኩፔዋና አክቲቭ ቱረሯ ላይ የፊት ጎታችን ያመለክታል። ሻጩ የሚለውን ሰምቶ ኮፈኑን ማስከፈት ነው። ሞተሩ ከፊት ወደ ኋላ በቁመት ከተጋደመ የድሮው ዓይነት ቢኤምደብሊው ናት፤ ወደ ጎን ከተጋደመ ሰፊ ወንበር ያላት ጥሩ የቤተሰብ መኪና ናት፤ ዋጋዋም በዚያው ልክ መሆን አለበት።