አምፖል እንዴት ያስፈራል?

አትላንታ ውስጥ በብራያርክሊፍ መንገድ የሚመላለስ አበሻ ብዙ ነው። «ስትሬንጀር ቲንግስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ የሆኪንስ ቤተ ሙከራ ሆኖ የተቀረጸው እዚሁ መንገድ ዳር፣ በኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የቀድሞ የጆርጂያ የአእምሮ ጤና ተቋም ሕንፃ ነው። ታሪኩ ኢንዲያና ነው ቢባልም ቀረጻው ጆርጂያ ነው፤ ግዛቲቱ ለፊልም ሠሪዎች እስከ 30 በመቶ የግብር ማካካሻ ትሰጣለች።

ተከታታዩ በኔትፍሊክስ የወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ እኔ የማስቀድመው ሾን ሌቪ ያዘጋጀውን ሦስተኛውን ክፍል ነው። ጭራቁ እምብዛም አይታይበትም፤ የሚያስፈራው የገና መብራት ነው።

መብራት ብልጭ ድርግም ቢል አዲስ አበባ ያደገ ሰው ምን ያስደነግጠዋል? «መብራት ኃይል ነው» ብሎ ሻማ ይፈልጋል። የተከታታዩ ፈጣሪዎች የዳፈር ወንድማማቾችም በብልጭታው ብቻ አልተማመኑም። ልጇ ዊል የጠፋባት ጆይስ (ዊኖና ራይደር) መጀመሪያ ደንብ ታወጣለች፤ አዎ ከሆነ አንዴ፣ አይደለም ከሆነ ሁለቴ ብልጭ በል። በሕይወት አለህ? አንዴ። ደኅና ነህ? ሁለቴ። ከዚህ በኋላ አምፖሉ ዕቃ አይደለም፤ ሲጠይቁት ይመልሳል። ደንቡን የተማረ ተመልካችም እያንዳንዱን ብልጭታ ራሱ እየተረጎመ ራሱን ያስፈራራል።

ቀጥላ ግድግዳው ላይ በጥቁር ቀለም የእንግሊዝኛ ፊደላቱን ትጽፋለች፤ ለየፊደሉ አንዳንድ አምፖል ይደርሰዋል። የት ነህ? ፊደላቱ አንድ በአንድ ይበራሉ፤ እዚሁ ነኝ። ምን ላድርግ? ሦስት አምፖል ብቻ፤ ሩጪ። እንዲህ ፊደል እየቆጠረ የሚመጣ መልስ ቀርፋፋ ነው፤ ብልሃቱም እሱ ላይ ነው። ከአንዱ አምፖል እስከሚቀጥለው ባለችው ፋታ ቃሉን ቀድመን ለመገመት እንሞክራለን፣ ትንፋሻችንም ይያዛል። ልጁ ጮኾ «ሩጪ!» ቢል ኖሮ ደንገጥ ብለን እንረሳው ነበር።

ጭራቁ ከግድግዳው የሚወጣው ገና ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም ለቅጽበት። በልብሱ ውስጥ ያለው ማርክ ስቴገር የሚባል ተዋናይ ነው፤ አዘጋጆቹ ግን በጨለማና በብልጭታ ሸፍነው በቁንጽል ያሳዩታል። አያቶቻችንም የጭራቅ ተረት ሲነግሩን መልኩን አይተነትኑም ነበር፤ «መጣ!» ይሉናል፣ የቀረውን እኛ እንሞላዋለን።

ክፍሉን የማይረሳ ያደረገው ግን ሌላ ነው። እናቲቱ ከልጇ ጋር ገና አሁን ተነጋግራለች፤ በዚያው ሌሊት የልጁ አስከሬን ከድንጋይ ካባ ውኃ ውስጥ ሲወጣ እናያለን። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም፣ ሁለቱንም ግን በዓይናችን አይተናል። ጭራቅ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ያልተፈታ ነገር ግን እስከ አልጋ ይከተላል። ስንቱ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ገንዘቡን ሁሉ ጭራቁ ላይ ጨርሶ ይህን ይረሳል!

ካባው የተቀረጸው ምዕራብ አትላንታ ባለው ቤልዉድ ነው። ዛሬ 2.4 ቢሊዮን ጋሎን ውኃ የሚይዝ የከተማዋ መጠባበቂያ ሆኗል፤ በዙሪያው ያለው ዌስትሳይድ ፓርክም ከ2021 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። ልጆች ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ክፍሉን ከሽርሽሩ በኋላ አሳዩአቸው።