ከአሠሪ ቤት መውጣት ጥፋት የሚሆንበት አገር

ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ፣ ከዘመድም ከመንግሥትም የምትሰማው ምክር አንድ ነው፦ «የሰው አገር ሕግ አክብሪ»። ታስራ ወይም ተባርራ ስትመለስ ደግሞ አለማወቋ ይወቀሳል፤ መጠጥ፣ አለባበስ፣ ጠብ ይነሣል። እነዚህ የሉም አልልም። እኔ የማየው ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ከአሠሪ ቤት ያለ ፈቃድ መውጣት።

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ ባለእርሻው ቢበድለው፣ ጓዙን አንጠልጥሎ ወደሚቀጥለው እርሻ ይሻገራል። ሒሳቡ ይቀርበት ይሆናል እንጂ ወጣ ብሎ የሚያስረው የለም። ባሕር ዳር በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች እህቱም እንዲሁ ናት። ካልተስማማት ትወጣለች፤ ሌላ ቤት ትገባለች።

ሳዑዲ ላይ ይህ አይሠራም። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ማለትም ኢቃማዋ፣ እዚያ «ከፊል» ከሚባለው አሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ደመወዝ ተከልክላም ትውጣ ተደብድባ፣ ከፊሉ «ጠፍታለች» ብሎ ካስመዘገበ ሕገወጥ ተብላ ትፈለጋለች። ኢቃማውን በ90 ቀን ውስጥ ማውጣት ያለበትም እሱ ነው፤ ሳያወጣላት ቀርቶ ፍተሻ ቢያጋጥም የምትያዘው ግን እሷ ናት። ፓስፖርቷን መንጠቅ በራሳቸው ሕግ ክልክል ነው፤ በር ተቆልፎባት የተቀመጠች ልጅ ይህን ለማን አቤት ትበል? በመጋቢት 2013 ሠራተኞች አሠሪ እንዲቀይሩ በር የከፈተው ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም።

በ2006 በአሰሳ ከሳዑዲ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160,000 በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ በየመን በኩል ያለ ሰነድ የገቡ ናቸው፤ በኮንትራት ገብተው ከአሠሪ የጠፉም ነበሩባቸው። የእኛ መንግሥት በዚያው ዓመት የሥራ ጉዞውን አግዶ እስከ 2010 ቆየ። ሥራ ፈላጊው ግን አልቆመም፤ ለደላላ ተተወ። የተባረረ ሰው ደግሞ አሻራ ሰጥቶ ስለሚወጣ ሕጋዊው በር ይዘጋበታል። ቤት ውስጥ ዕዳው ይጠብቀዋል፤ የሚታየው መንገድ የጅቡቲዋ ኦቦክና ባሕሩ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ «ሕግ አክብሪ» ማለት ምን ይፈይዳል?

ከዚህ ይልቅ የሚጠቅማት የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው። በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ኮንትራቱ ቢጣስ የላካት ኤጀንሲም ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል። ደላላን እንዲህ አድርጎ የሚይዘው ውል የለም፤ ስልኩን ከዘጋ አበቃ።

ስለዚህ ልጅ የምትልኩ ቤተሰቦች፣ የኮንትራቷንና የፓስፖርቷን ቅጂ ቤት አስቀሩ። ሦስት ወር ሳይሞላት ስትደውል ብር ላከች አልላከች ከማለታችሁ በፊት ኢቃማዋ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቋት። ካልወጣ የላካትን ኤጀንሲ ያዙ። ሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ምንም ሳትጠብቅ ትውጣ፤ ከወጣች ደግሞ ወደ ጓደኛ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ፖሊስ፣ ሪያድ ወዳለው ኤምባሲያችን ወይም ጅዳ ወዳለው ቆንስላ ትሂድ።