ሙቀት፣ ልብስና የወንድ የመውለድ አቅም በሐረር ጀጎል

ሙቀትና የወንድ የመውለድ አቅም የሚያያዙት የወንድ የዘር ህዋስ (ስፐርም) ከቀሪው ሰውነት ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ስለሚመረት ነው። ቆለጥ ከሆድ ውጭ በከረጢት ተንጠልጥሎ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቆለጥ ለረጅም ጊዜ በተደጋጋሚ ሲሞቅ የሚያመርተው የዘር ህዋስ በቁጥር ሊያንስና እንቅስቃሴውም ሊደክም ይችላል። አከራካሪው ነገር ጠባብ ሱሪ፣ ረጅም መቀመጥ ወይም ምድጃ አጠገብ መዋል የሚጨምረው ሙቀት ልጅ እስከ መከልከል ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ሽርጥ የታጠቀ ሽማግሌና ጠባብ ጂንስ የለበሰ ወጣት በአንድ ጠባብ መንገድ ይተላለፋሉ፤ ስለዚህ ከተማዋ ጥያቄውን ከኑሮ ጋር አያይዞ ለመመልከት ትመቻለች።

'''ቆለጥ እንዴት ይቀዘቅዛል'''

የሰው ሰውነት ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን የቆለጥ ሙቀት ግን ከዚያ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ይህን ልዩነት የሚጠብቁ በርካታ ነገሮች አሉ። የከረጢቱ ቆዳ ስስ ነው፣ ከሥሩ ስብ የለውም፣ ላብ አመንጪ ዕጢዎች ግን በብዛት አሉት። በቆዳው ውስጥ ያለው ጡንቻ ብርድ ሲሆን ይኮማተራል፣ ሙቀት ሲሆን ይላላል። ሌላ ጡንቻ ደግሞ ቆለጡን ራሱን ወደ ሰውነት ይስባል ወይም ዝቅ ያደርጋል። ከሁሉም የሚያስገርመው የደም ሥሮቹ አሠራር ነው። ወደ ቆለጥ የሚወርደው ሞቃት ደም የሚያልፈው ቀዝቅዞ በሚመለሰው ደም በተሞሉ የደም መላሽ ሥሮች መካከል ሲሆን፣ ቆለጥ ከመድረሱ በፊት ሙቀቱን ለእነዚያ ያስረክባል።

የዘር ህዋስ ከመጀመሪያው ክፍፍል እስከ ሙሉ ቅርጹ ለመድረስ 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ከቆለጥ ወጥቶ ለመብሰልና ለመጓዝ ደግሞ ተጨማሪ ቀናት ያስፈልጉታል። በሙቀት ቶሎ የሚጎዱት በመከፋፈል ላይ ያሉት ህዋሳት ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የደረሰ ጉዳት በምርመራ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ከተወገደም በኋላ ለማገገም ሦስት ወር ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ወባ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት የያዘው ሰው ከዳነ በኋላም ለጥቂት ጊዜ የዘር ህዋሱ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሊገኝ የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው።

ሙቀት ጎጂ እንደሆነ ከሚጠቁሙት ማስረጃዎች ዋነኞቹ ሁለት የጤና ችግሮች ናቸው። አንደኛው ያልወረደ ቆለጥ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ ሆድ ወይም ብሽሽት ውስጥ የቀረ ቆለጥ ካልታከመ የዘር ህዋስ የማምረት አቅሙ ይቀንሳል። በጊዜያቸው ከሚወለዱ ወንዶች ልጆች ከ2 እስከ 4 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ በራሱ ካልወረደ ቀዶ ሕክምናው ሕፃኑ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ውስጥ እንዲደረግ ይመከራል። ሁለተኛው ቫሪኮሲል የሚባለው በቆለጥ ዙሪያ ያሉ የደም መላሽ ሥሮች ማበጥ ነው። ከወንዶች 15 በመቶ ገደማ አለባቸው፤ በመካንነት ምክንያት ከሚመረመሩ ወንዶች መካከል ግን ድርሻው ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። በሁለቱም ችግሮች ሙቀት ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም አንዱ ነው።

'''የአገር ሙቀትና የቆለጥ ሙቀት'''

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ደጋም ቆላም ያልሆነ ወይና ደጋ ነው። ከእርሷ በታች ያለችው ድሬዳዋ በጣም ትሞቃለች፤ ወደ ባቢሌና ወደ ኤረር ሸለቆ ሲወረድም ሙቀቱ ይጨምራል። ከዚህ ተነስቶ «ቆላ የሚኖር ወንድ ዘሩ ይቀንሳል» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። ሰውነት የአየርን ሙቀት በላብና በደም ዝውውር ይቋቋማል፤ ጥላ ውስጥ ያለ፣ ውሃ የሚጠጣና ሰፊ ልብስ የለበሰ ሰው ሰውነቱ ያው 37 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በአገር ደረጃ 4.6 ነበር፤ በአብዛኛው ቆላ በሆነው የሶማሌ ክልል 7.2፣ በአዲስ አበባ 1.8። ይህን ልዩነት የሚወስኑት የጋብቻ ዕድሜ፣ ትምህርትና የወሊድ መከላከያ አጠቃቀም ስለሆኑ አኃዙ ስለ ዘር ህዋስ ጥራት በቀጥታ አይናገርም። ቢሆንም የአገሩ ሙቀት ብቻውን ወንዱን መካን እንደማያደርግ ለመረዳት ይበቃል።

በሌሎች አገሮች የተደረጉ በርካታ ጥናቶች በሞቃት ወራት የዘር ህዋስ ቁጥር በመጠኑ ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል፤ መጠኑ ግን ልጅ የሚከለክል አይደለም። የጀጎል የድንጋይ ቤቶች ግድግዳ ወፍራም በመሆኑ ቀትር ላይም ውስጣቸው ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ከአየሩ ይልቅ አስፈላጊው ነገር ከቆዳ ጋር የተጣበቀው ሙቀት ነው፤ ይኸውም ልብስ፣ አቀማመጥና የሥራ ቦታ።

'''መኪና ግርግር፣ ሽርጥና ጂንስ'''

በጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ጨርቅ ገዝቶ እዚያው አሰፍቶ መልበስ እስካሁን የሚቻልበት ሰፈር ስለሆነ፣ ሱሪው ምን ያህል ይስፋ የሚለውን የሚወስነው ለባሹ ራሱ ነው። የተዘጋጀ ልብስ ወይም ሰልባጅ የሚገዛ ሰው ይህ ምርጫ የለውም።

ልብስ የቆለጥን ሙቀት እንደሚጨምር ይታወቃል። እርቃኑን ከቆመ ሰው ጋር ሲነጻጸር የለበሰ ሰው የከረጢቱ ሙቀት ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ ከፍ ይላል። ጠባብ የውስጥ ሱሪ ቆለጡን ወደ ሰውነት ስለሚያስጠጋና አየር ስለሚከለክል የበለጠ ያሞቃል ተብሎ ይጠበቃል፤ ሆኖም ጥናቶቹ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት በሰፊውና በጠባቡ የውስጥ ሱሪ መካከል የሙቀት ልዩነት አላገኘም። በሌላ በኩል በ2018 የታተመውና በቦስተን የመካንነት ሕክምና ከጠየቁ ጥንዶች መካከል 656 ወንዶችን ያካተተው ጥናት፣ ሰፊ የውስጥ ሱሪ (ቦክሰር) የሚያዘወትሩት የዘር ህዋስ ክምችታቸው ጠባብ ከሚለብሱት በ25 በመቶ፣ ጠቅላላ ቁጥሩም በ17 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ጠባብ በሚለብሱት ላይ ኤፍ.ኤስ.ኤች. የተባለው የዘር ህዋስ ምርትን የሚያነሳሳ ሆርሞን ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ አንጎል የምርቱን መቀነስ ለማካካስ እየሞከረ ነው ማለት ነው።

25 በመቶ የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲነበብ ያስደነግጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ዝቅተኛ ማመሳከሪያ በአንድ ሚሊሊትር የዘር ፈሳሽ 16 ሚሊዮን የዘር ህዋስ ነው። 60 ሚሊዮን ያለው ሰው ሩቡን ቢያጣ 45 ሚሊዮን ይቀረዋል፤ ይህም ከበቂ በላይ ነው። 18 ሚሊዮን ያለው ሰው ሩቡን ቢያጣ ግን ከመስመሩ በታች ይወርዳል። የልብስ ጉዳይ ትርጉም የሚኖረው በአብዛኛው ለእንዲህ ዓይነቱ በድንበር ላይ ላለ ሰው ነው። በሚቺጋንና በቴክሳስ ግዛቶች 501 ጥንዶችን የተከታተለው በ2016 የታተመ ጥናትም ባልየው የሚለብሰው የውስጥ ሱሪ ዓይነት ሚስቱ እስክታረግዝ በወሰደው ጊዜ ላይ ለውጥ እንዳላመጣ ደምድሟል።

ሽርጥ ከዚህ አንፃር ሲታይ ከሰፊዎቹም ሰፊ ነው። በሐረሪ፣ በኦሮሞ፣ በሶማሌና በአፋር ወንዶች ዘንድ የተለመደው ይህ በወገብ የሚታጠቅ ጨርቅ አየር ከታች እንዲገባ ይፈቅዳል። ለእሱ የቅርብ ዘመድ የሆነው የስኮትላንዶች ጉርድ ልብስ (ኪልት) ተጠንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ኤርዊን ኮምፓኔ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪ ነባር ጽሑፎችን ገምግመው ኪልት ለቆለጥ ተስማሚ ሙቀት ሳይፈጥር እንደማይቀር ጽፈዋል። ይህ ግን ግምት እንጂ በሙከራ የተረጋገጠ ውጤት አይደለም። ደግሞም ሽርጥ ከሥሩ ጠባብ ሙታንታ ከተለበሰበት ጥቅሙ ይቀንሳል።

ስለ ጨርቁ ዓይነት ብዙ የሞከሩት ግብፃዊው ሐኪም አሕመድ ሻፊክ ናቸው። የካይሮ ዩኒቨርሲቲው ሻፊክ አይጦችን የፖሊስተር፣ የጥጥና የሱፍ ሱሪ አልብሰው የመራባት ባሕሪያቸውን አጥንተዋል፤ ለዚህም ከሞቱ በኋላ በ2016 ሰውን መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበት የኢግ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ፖሊስተር ላብ ስለማይመጥ ከጥጥ ይልቅ እንደሚያፍን ማንም የለበሰው ያውቃል፤ የመውለድ አቅምን ስለ መጉዳቱ ግን ማስረጃው አነስተኛ ነው።

'''መቀመጥ፣ መንዳትና ምድጃ'''

ከሱሪው ስፋት ይልቅ አቀማመጥ የበለጠ ሳይወስን አይቀርም። በኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2005 በ29 ወጣቶች ላይ በተደረገ ሙከራ ላፕቶፕ ጭን ላይ አስቀምጦ ለአንድ ሰዓት መሥራት የከረጢቱን ሙቀት በ2.6 እና 2.8 ዲግሪ ከፍ አድርጓል። ዜናው በመላው ዓለም የተሰራጨው «ላፕቶፕ ያመክናል» እየተባለ ነበር። ያልተነገረው ነገር ላፕቶፕ ሳይኖር ጉልበትን ገጥሞ መቀመጥ ብቻውን በ2.1 ዲግሪ ማሞቁ ነው። የኮምፒውተሩ ድርሻ ከአንድ ዲግሪ በታች ነበር። ላፕቶፕን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ እግርን ከፍቶ መቀመጥና በየመሀሉ ተነስቶ መንቀሳቀስ ችግሩን በአብዛኛው ያቃልላል።

ሾፌሮችም ከዚሁ ጋር ይነሳሉ። በፈረንሳይ ቱሉዝ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አነስተኛ ጥናት ሁለት ሰዓት ያህል መኪና መንዳት የከረጢቱን ሙቀት በእግር ከሚሄድ ሰው 2 ዲግሪ ገደማ ከፍ እንደሚያደርግ ለክቷል። ለረጅም ዓመታት የሐረር ታክሲ በነበሩት ፔጆ 404 መኪኖችም ሆነ ዛሬ በባጃጅ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። በርጫ ላይ ለሰዓታት የሚቀመጥም እንዲሁ ነው፤ በሐረሪ ቤት ነደባ ላይ እግርን ዘርግቶ ወይም ከፍቶ መቀመጥ ከወንበር ይልቅ አየር ይሰጥ ይሆናል። ጫት ራሱ በዘር ህዋስ ላይ አለው የሚባለው ተጽዕኖ ከሙቀት የተለየ ርዕስ ነው።

በሥራ ቦታ በጣም የሚሞቁት የዳቦ ጋጋሪዎች፣ ብየዳ ሠራተኞችና የሸክላ ወይም የብረት ማቅለጫ ሠራተኞች ናቸው። በ1990ዎቹ በፈረንሳይ የተደረጉ ጥናቶች በሙቀት አጠገብ የሚሠሩ ወንዶች ሚስቶች ለማርገዝ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስድባቸው አመልክተዋል። ልጅ ለመውለድ የሚሞክር ጋጋሪ ሥራውን መተው የለበትም፤ በፈረቃ ከምድጃው ፊት መራቅና ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ መልበስ ይችላል። ሳውናና ስቲም በሚያዘወትሩ ሰዎችም ላይ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ በጣሊያን 10 ወንዶች ለሦስት ወር በሳምንት ሁለቴ ሳውና ገብተው የዘር ህዋሳቸው ቀንሶ ከቆየ በኋላ፣ ካቆሙ ስድስት ወር ሲሞላ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል።

'''ሙቀት የወሊድ መከላከያ ይሆናል ወይ?'''

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቱሉዝ ሮዤ ሚዩሴ የሚባሉ ሐኪም ቆለጥን ወደ ብሽሽት ከፍ አድርጎ የሚይዝ የውስጥ ሱሪ በቀን 15 ሰዓት በማስለበስ የዘር ህዋስን በእጅጉ መቀነስ እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህ የሚደረገው ግን በተደጋጋሚ የላቦራቶሪ ክትትል ነው፤ በስፋት የተፈቀደ ዘዴም አይደለም። ጠባብ ጂንስ የለበሰ ወጣት «እኔ አላስረግዝም» ብሎ ቢተማመን ይሳሳታል።

'''ጥፋተኛ መፈለግና ምርመራ'''

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን የሚተረጉመው ያለ መከላከያ ለ12 ወር ወይም ከዚያ በላይ መደበኛ ግንኙነት ተደርጎ እርግዝና አለመፈጠሩ ብሎ ነው። ድርጅቱ በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በሕይወቱ ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ድርሻ አለበት። በሐረርም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ግን «መካን» የሚለው ቃል ቀድሞ የሚለጠፈው በሴቷ ላይ ነው። ጠበል፣ መድኃኒትና ሐኪም ቤት የምትመላለሰው እሷ ናት፤ የሚፈታትም ወይም ሌላ ሚስት የሚያገባባትም ብዙ ጊዜ ራሱ ያልተመረመረ ባል ነው። የሱሪ ወሬ በዚህ ላይ ሲጨመር ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ወይ ወንዱ ልብስ ቀይሮ ዓመታት ይጠብቃል፣ ወይም ሰፊ ስለሚለብስ ብቻ «ከእኔ አይደለም» ይላል።

የወንዱ ምርመራ ከሴቷ ምርመራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ የዘር ፈሳሽ በንጹሕ ዕቃ ይሰጣል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል፣ በማይክሮስኮፕ ቁጥሩ፣ እንቅስቃሴውና ቅርጹ ይታያል። ናሙናው ከቤት የሚመጣ ከሆነ ከሰውነት ጋር ተጠግቶ እንጂ በበረዶ መያዝ የለበትም፤ የተመረተው በቅዝቃዜ ቢሆንም ከወጣ በኋላ ብርድ ይጎዳዋል። አንድ ዝቅተኛ ውጤት መደምደሚያ ስላልሆነ ምርመራው ይደገማል፣ ሐኪሙም ቫሪኮሲል መኖሩን በእጁ ዳስሶ ያያል። ከዚህ ያለፈ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ባል ከትኩሳት ካገገመ፣ ሳውና ካቆመ ወይም ከምድጃ ሥራ ከተቀየረ ደግሞ ሁለተኛው ናሙና የሚወሰደው ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው።