“እንደ ልጃችን ነው” ስንል
በብዙዎቻችን ቤት የሟች እህት ልጅ፣ ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ ወይም ከሕፃናት ማሳደጊያ በአደራ የተቀበልነው ልጅ ይኖራል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ ቤተሰብ የሌላቸው ልጆች ተስፋ እኛው ነን። እንግዶች ሲጠይቁን “እንደ ልጃችን ነው” እንላለን። መልካም ቃል ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ከርኅራኄያችን ሌላ መብትም አለው። ባለትዳሮች ሆይ፣ እስቲ አብረን እንየው።

በመጀመሪያ የሥራውን ነገር እናንሣ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራም እንዳይሠራ ይጠብቀዋል። የእናንተ ልጆች ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ እርሷ ሕፃን አዝላ፣ ወጥ ሠርታ፣ ማታ ደክሟት የምትማር ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ። ቤት ውስጥ ማገዝ ለልጅ ሁሉ ይገባል። ለአንዷ ብቻ ሲሆን ግን አደራነቱ ቀርቶ አገልጋይነት ይሆናል።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ወጣት ፓስፖርት ለማውጣት ሲሄድ ይጨነቃል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ወላጅም ሞግዚትም ከሌለ ልጁን የሚንከባከበው ሰው እንዲያስመዘግበው ይፈቅዳል። የወላጅ አባቱን ስም ግን በራሳችሁ ሥልጣን አትለውጡ። አደራ ጉዲፈቻ አይደለም፤ ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ይጸድቃል፤ የልጁም ሐሳብ ይሰማል። በጉዲፈቻ እንኳ ልጁ ከሥጋ ዘመዶቹ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም።

ሦስተኛው ንብረት ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ሁለት ኃላፊነቶችን ይለያል፤ አሳዳሪው ስለ አስተዳደጉ፣ ሞግዚቱ ስለ ንብረቱ ይጠየቃሉ። ሁለቱንም አንድ ሰው ሊይዛቸው ይችላል። የሟች ወላጆቹ ቤት ወይም የባንክ ገንዘብ ካለ የእርሱ ነው። ሞግዚቱም ኃላፊነቱ ሲያበቃ ሒሳቡን ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ገቢና ወጪውን ከዛሬ ጀምሮ በደብተር ያዙ። ወላጁ የጡረታ መዋጮ ይከፍል ከነበረ የተተኪ አበል እንዳለው ጠይቁለት።

ችግር ሲገጥማችሁ ብቻችሁን አትሸከሙት። በወረዳችሁ ያለውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አማክሩ። ጥቃት ከደረሰ ደግሞ “የቤተሰብ ገመና ነው” ብላችሁ አትሸፍኑ፤ ለፖሊስ አመልክቱ። ሽማግሌዎችና መጋቢዎችም በማስታረቅ ስም ልጁን ወደ አጥቂው አይመልሱት።

በመጨረሻ፣ 18ኛው ዓመት የመባረሪያ ቀን አይሁን። መርዶክዮስ ወላጅ አልባዋን አስቴርን አሳደጋት። ወደ ቤተ መንግሥት ከተወሰደች በኋላም ደኅንነቷን ለማወቅ በየቀኑ በሴቶቹ ቤት አደባባይ ፊት ይመላለስ ነበር። ልጁ ቤት ተከራይቶ ሲወጣ ብርድ ልብስና ድስት ስጡት፤ የበዓል ቀን መጥቶ የሚቀመጥበት ወንበርም ይኑረው። ሲታመም “ማንን ልጥራ?” ብሎ እንዳይጨነቅ ስልካችሁን አንሡለት።

እናንተ ባልና ሚስት፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ተቀመጡና ተነጋገሩ። የዚህ ልጅ ትምህርቱ፣ ወረቀቱና ንብረቱ በምን ሁኔታ ላይ ነው? የጎደለውን ጻፉና ነገ ከአንዱ ጀምሩ። ጌታ ይርዳችሁ።