ከ35 ዓመት በኋላ መፀነስ

ከ35 ዓመት በኋላ መፀነስ ማለት ሴት ልጅ በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ማብቂያና ከዚያም አልፎ የምታረግዝበት ሁኔታ ነው። የሴት ልጅ የመፀነስ ዐቅም ከሃያዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ከ35 ዓመት በኋላ ቅነሳው ይፋጠናል፣ ከ40 በኋላ ደግሞ ይበልጥ ይበረታል። ሆኖም 35ኛው ዓመት አንድ ነገር በድንገት የሚቆምበት ድንበር አይደለም። በዚህ ዕድሜ የሚፀንሱና ጤናማ ልጅ የሚወልዱ ሴቶች ብዙ ናቸው። የሚለወጠው ለመፀነስ የሚፈጀው ጊዜ፣ የፅንስ መጨናገፍ ዕድል እና ችግር ቢኖር ለሕክምና የሚተርፈው ጊዜ ነው።

የእንቁላል ክምችት

ወንድ ከጉርምስና ጀምሮ ዘሩን በየዕለቱ አዲስ ያመርታል። ሴት ግን በሕይወቷ የምትጠቀምባቸውን እንቁላሎች በሙሉ ይዛ ትወለዳለች። አንዲት ሴት ፅንስ በእናቷ ማህፀን ውስጥ አምስት ወር ገደማ ሲሆናት ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ያህል እንቁላሎች ይኖሯታል። ስትወለድ ቁጥሩ ወደ 1 ወይም 2 ሚሊዮን ይወርዳል። የወር አበባ ማየት በምትጀምርበት ጊዜ የሚቀሩት ከ300,000 እስከ 400,000 ገደማ ናቸው። በ37 ዓመቷ በአማካይ 25,000 ያህል፣ በማረጫ ዕድሜዋ ደግሞ 1,000 ገደማ ብቻ ይቀራሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በየወሩ እየበሰሉ የሚወጡት በዕድሜ ልክ ከ400 እስከ 500 ያህሉ ናቸው። ሌሎቹ ሳይበስሉ በራሳቸው ይጠፋሉ። ይህ መጥፋት በእርግዝናም፣ ጡት በማጥባትም፣ የወሊድ መከላከያ በመውሰድም አይቆምም። ስለዚህ የወሊድ መከላከያ ክኒን እንቁላልን «ያጠራቅማል» ወይም «ይጨርሳል» የሚሉት ሁለቱም አባባሎች ስሕተት ናቸው። ሲጋራ ማጨስ ግን ክምችቱን እንደሚጎዳ ይታወቃል፤ የሚያጨሱ ሴቶች ከማያጨሱት አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ያርጣሉ።

የእንቁላል ጥራት

ከቁጥሩ መቀነስ ይልቅ ለመፀነስ ትልቁ እንቅፋት የጥራቱ ለውጥ ነው። እያንዳንዱ እንቁላል ሴቲቱ ከመወለዷ በፊት የክሮሞዞም ክፍፍሉን ይጀምርና መሐል ላይ ይቆማል። ክፍፍሉ የሚቀጥለው እንቁላሉ ተራው ደርሶ በሚወጣበት ወር ነው። በ20 ዓመት የወጣ እንቁላል 20 ዓመት፣ በ40 ዓመት የወጣም 40 ዓመት ጠብቋል ማለት ነው። በዚህ ረጅም ቆይታ ክሮሞዞሞችን አጣምረው የሚይዙት ፕሮቲኖች ይላላሉ። ክፍፍሉ ሲቀጥል ክሮሞዞሞቹ እኩል ሳይካፈሉ ይቀሩና እንቁላሉ አንድ ተጨማሪ ክሮሞዞም ይይዛል ወይም አንድ ይጎድለዋል።

እንዲህ ካለ እንቁላል የሚፈጠር ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ማህፀን ላይ አይጣበቅም፤ ቢጣበቅም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጨናገፋል። በዚህም ምክንያት የመፀነስ መዘግየት፣ የፅንስ መጨናገፍ እና እንደ ዳውን ሲንድረም ያሉ ሁኔታዎች ሦስቱም በአንድ ላይ ከዕድሜ ጋር ይጨምራሉ። በእናትየው የ25 ዓመት ዕድሜ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመወለድ ዕድል ከ1,250 አንድ ገደማ ነው። በ35 ዓመት ከ350 አንድ፣ በ40 ዓመት ደግሞ ከ100 አንድ ያህል ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ቢልም በ40 ዓመታቸው ከሚወልዱ 100 እናቶች 99ኙ ያህል ይህ ሁኔታ የሌለበት ልጅ ይወልዳሉ ማለት ነው።

የፅንስ መጨናገፍን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በኖርዌይ የተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ዕድሉ ከ25 እስከ 29 ዓመት ባሉት ሴቶች ዝቅተኛው እንደሆነና ከ100 እርግዝና 10 ያህሉን እንደሚነካ አሳይቷል። ከ45 ዓመት በላይ በሆኑት ግን ከግማሽ በላይ ደርሷል። አብዛኛው መጨናገፍ የሚመጣው ከክሮሞዞም ጉድለት በመሆኑ እናትየው ዕቃ በማንሳቷ፣ መንገድ በመሄዷ ወይም በመደንገጧ የተፈጠረ አይደለም።

የመፀነስ ዕድል በቁጥር

ችግር የሌለባት ሴት በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ በአንድ የወር አበባ ዑደት ውስጥ የመፀነስ ዕድሏ ከአራት አንድ ገደማ ነው። በ40 ዓመት ይህ ወደ ከአሥር አንድ ይወርዳል።

ዕድሜ ብቻውን ያለውን ተፅዕኖ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ሴቲቱ ስታረጅ ባሏም ያረጃል፣ ግንኙነታቸውም እየራቀ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ፣ በፈረንሳይ የተደረገ ጥናት ይህን ችግር አልፎታል። ባሎቻቸው ምንም ዘር የሌላቸውና ከለጋሽ በተገኘ ዘር የታከሙ 2,193 ሴቶችን ተከታትሎ፣ በ12 ዑደት ውስጥ የፀነሱት ከ30 ዓመት በታች ከነበሩት ከመቶ 73 እና 74፣ ከ31 እስከ 35 ዓመት ከሆኑት ከመቶ 61፣ ከ35 በላይ ከሆኑት ደግሞ ከመቶ 54 መሆናቸውን አረጋግጧል። ይህ ውጤት ሁለት ነገር በአንድነት ያሳያል፦ ቅነሳው እውነት ነው፤ ከ35 በኋላም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ፀንሰዋል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የወሊድ መከላከያ የማይጠቀሙት በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩት የሐተራይት ሃይማኖት ማኅበረሰብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው እናቶቹ የመጨረሻ ልጃቸውን የወለዱት በአማካይ በ41 ዓመት ገደማ ነው። ይህም የመውለድ ዐቅም ማረጥ ከመምጣቱ ዓመታት አስቀድሞ እንደሚያበቃ ያሳያል። የወር አበባ በየወሩ መምጣቱ ብቻውን የመፀነስ ዋስትና አይሆንም።

የወንዱ ድርሻ

ልጅ ለማግኘት ከሚቸገሩ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ ወንዱ ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ጋር የችግሩ ምክንያት ነው። የወንድ ዘር እስከ እርጅና ቢመረትም ከ40 ዓመት በኋላ መጠኑና እንቅስቃሴው ይቀንሳል። አባት አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር በልጁ ላይ በአማካይ ሁለት ያህል አዳዲስ የዘረ መል ለውጦች እንደሚጨምሩም ታውቋል። የዘር ምርመራ ቀላል፣ ርካሽ እና ሕመም የሌለው ነው። ሆኖም በብዙ ቤተሰብ ሚስት ለዓመታት ስትመረመር ባል ሳይመረመር ይቀራል። ዘር ተመርቶ ለመብሰል ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሲጋራ የተወ ወይም መጠጥ የቀነሰ ሰው ለውጡን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዕድሜ ጋር የሚደራረቡ ምክንያቶች

ዕድሜ ብቻውን ሁሉንም አያብራራም። ሴት ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር በማህፀን ውስጥ የሚያድግ ዕጢ (ፋይብሮይድ)፣ የታይሮይድ ሕመም፣ ወይም የቀድሞ ኢንፌክሽን ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ዋነኛው የመካንነት ምክንያት የማህፀን ቱቦ መዘጋት ሲሆን፣ ይህም የሚመጣው እንደ ክላሚዲያና ጨብጥ ካሉ ያልታከሙ የአባላዘር በሽታዎች ነው። ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የሚደርስ ኢንፌክሽንም ቱቦውን ሊዘጋው ይችላል። የማህፀን የሳንባ ነቀርሳም ሌላው ምክንያት ነው።

ቀደም ሲል መውለድ እንቁላልን ከእርጅና አይጠብቅም። በ25 ዓመቷ ያለችግር የወለደች ሴት በ39 ዓመቷ ሁለተኛ ልጅ ስትፈልግ ልትቸገር ትችላለች። ይህ ሁለተኛ ደረጃ መካንነት ይባላል።

ጊዜን በአግባቡ መጠቀም

እንቁላል ከወጣ በኋላ በሕይወት የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ስለዚህ ለመፀነስ የሚቻለው እንቁላሉ በሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ቀናት፣ በጠቅላላው በስድስት ቀን ውስጥ ነው። እንቁላል የሚወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት 14ኛው ቀን አካባቢ፣ 26 ቀን ለሆነ 12ኛው ቀን አካባቢ ይሆናል። በእነዚህ ቀናት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መገናኘት ይመከራል።

ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ተጀምሮ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ቢወሰድ ፅንሱን ከአከርካሪና ከአንጎል አፈጣጠር ጉድለት ይከላከላል።

የሦስት ወር መርፌ የወሊድ መከላከያ ስትወስድ የቆየች ሴት ደግሞ ልዩ ስሌት ያስፈልጋታል። መርፌው መካን አያደርግም፤ ነገር ግን ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለመፀነስ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ይፈጃል። ለ25 ዓመት ወጣት ይህ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ለ38 ዓመት ሴት ግን ትልቅ ጊዜ ነው።

መቼ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል

ከ35 ዓመት በታች የሆኑ ጥንዶች አንድ ዓመት ሞክረው ካልተሳካ ምርመራ ይጀምራሉ። ሴቲቱ 35 ዓመት ከሞላት ይህ ጊዜ ወደ ስድስት ወር ያጥራል። ከ40 ዓመት በላይ ከሆነች ሳይጠበቅ መመርመር ይመከራል። የወር አበባዋ የሚዛባ፣ ቀደም ሲል የማህፀን ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና የነበራት ሴትም መጠበቅ አይኖርባትም።

ምርመራው የባልን ዘር፣ የሴቲቱን ሆርሞኖች፣ የማህፀንና የእንቁላል ማምረቻ አልትራሳውንድ እንዲሁም የማህፀን ቱቦ ራጅን ያካትታል። ኤ ኤም ኤች የሚባለው የደም ምርመራ የቀረውን የእንቁላል ብዛት ይገምታል፤ የጥራቱን ነገር ግን አይናገርም። ዝቅተኛ ውጤት ያላት ሴት በተፈጥሮ መንገድ አትፀንስም ማለትም አይደለም።

ሕክምና

ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ይለያያል፦ እንቁላል እንዲበስል የሚያግዝ መድኃኒት፣ የተጣራ ዘርን ወደ ማህፀን ማስገባት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ወይም ከአካል ውጭ ማፀነስ (አይ ቪ ኤፍ)። በአይ ቪ ኤፍ ሴቲቱ አሥር ቀን ገደማ የሆርሞን መርፌ ትወስዳለች። የበሰሉት እንቁላሎች በመርፌ ተቀድተው በቤተ ሙከራ ከዘር ጋር ይዋሃዳሉ፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካደጉ በኋላ ፅንሱ ወደ ማህፀን ይመለሳል። በዚህ ዘዴ የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ አገር በኦልደም ከተማ ተወለደች። ከዘዴው ፈልሳፊዎች አንዱ ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

አይ ቪ ኤፍ የተዘጋ ቱቦን ያልፋል፤ ያረጀን እንቁላል ግን አያድስም። በራሷ እንቁላል የምትታከም ሴት ከ42 ዓመት በኋላ በአንድ ሙከራ የመውለድ ዕድሏ ከመቶ 5 ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከወጣት ለጋሽ በተገኘ እንቁላል ሲሆን ግን ውጤቱ የለጋሿን ዕድሜ ይከተላል። ይህም ዋናው ለውጥ በማህፀን ላይ ሳይሆን በእንቁላል ላይ እንደሚደርስ ያሳያል። እንቁላልን በወጣትነት አቀዝቅዞ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ቢሆንም በኋላ ልጅ ለመውለድ ዋስትና አይሰጥም።

እርግዝናው

ከ35 ዓመት በኋላ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የስኳር ሕመምና የደም ግፊት፣ እንዲሁም በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድል ይጨምራል። መንታ የመፀነስ ዕድልም በተፈጥሮ ከፍ ይላል። በመሆኑም የእርግዝና ክትትልን ቀደም ብሎ መጀመር ያስፈልጋል። ፈቃደኛ ለሆኑ ወላጆች ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት የሚደረግ አልትራሳውንድና ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚወሰድ የደም ምርመራ የክሮሞዞም ጉድለት መኖሩን ለመገመት ያገለግላሉ።

በኢትዮጵያና በትውልደ ኢትዮጵያውያን ዘንድ

በኢትዮጵያ ከ35 ዓመት በኋላ መውለድ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ሴቶች በመካከለኛ ግምት በ17 ዓመት ገደማ ያገባሉ፤ በገጠር አንዲት እናት በአማካይ 5.2 ልጆች ትወልዳለች። ስለዚህ በገጠር ከ35 በኋላ የሚወለደው ልጅ ብዙውን ጊዜ የብዙ ልጆች ታናሽ ነው። አማካዩ 1.8 በሆነበት በአዲስ አበባ ግን በትምህርት፣ በሥራ ወይም በኑሮ ውድነት ትዳራቸውን ያዘገዩ ሴቶች የመጀመሪያ ልጃቸውን በዚህ ዕድሜ ይፈልጋሉ። ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ ሄደው ዓመታት ከትዳር ርቀው የሚቆዩ ሴቶችም ተመሳሳይ ሁኔታ ይገጥማቸዋል።

ልጅ ያልወለደች ሴት «መካን» ተብላ መወቀሷ፣ አንዳንዴም ለፍቺ መዳረጓ የቆየ ችግር ነው። ብዙዎች ጸበል ይጠመቃሉ፣ ስለት ይሳላሉ፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን በሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል በዓል ላይ የስለት ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች ይታያሉ። እምነትና ሕክምና ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ በተለይ ከ35 ዓመት በኋላ ግን አንዱን እስኪጨርሱ ሌላውን ማቆየት የማይመለስ ጊዜ ያስከፍላል።

በመንግሥት ተቋም ደረጃ የመጀመሪያው የአይ ቪ ኤፍ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከፍቷል። ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በእስራኤል ደግሞ የጤና መድን ሥርዓቱ በራሷ እንቁላል ለምትታከም ሴት እስከ 45 ዓመት ዕድሜዋ ድረስ፣ ለሁለት ልጆች የሚሆን የአይ ቪ ኤፍ ሕክምና ወጪ ይሸፍናል።